ቤተ ሙከራ (ላብ) ሳይነኩ የናኖ ዶክትሬት ይገኛል ወይ?

«በፊዚክስ ማስተርስ ጨርሻለሁ። መመረቂያዬ በኮምፒውተር ስሌት ብቻ የተሰራ ነው፣ ላብ ነክቼ አላውቅም። በናኖ ሳይንስ ዶክትሬት መስራት እፈልጋለሁ፤ ስኮላርሺፕ ከየት ላግኝ?» ላልሽው እህቴ፦ እኔም የተነሳሁት ከዚያው ነው። ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው።

መጀመሪያ «ስኮላርሺፕ» የሚለውን ቃል ለጊዜው እርሺው። አሜሪካ ከሆነ የምታመለክቺው ለዲፓርትመንቱ ነው፣ ቀነ ገደቡም አብዛኛውን ጊዜ ዲሴምበር አካባቢ ነው። ጀርመንና ኔዘርላንድስ ግን ዶክትሬት በአብዛኛው ስራ ነው። ፕሮፌሰሩ የምርምር ገንዘብ ሲያገኝ ክፍት የስራ ቦታ ያወጣል። ተወዳድረሽ ትቀጠሪያለሽ፣ ደመወዝ ይከፈልሻል፣ ግብርም ትከፍያለሽ። ኔዘርላንድስ ብዙውን ጊዜ ውሉ የ4 ዓመት ነው። ጀርመን ፊዚክስ ላይ ውሉ ብዙ ጊዜ ሙሉ ደመወዝ አይደለም፤ ግማሽ ወይም ሁለት ሦስተኛ ሊሆን ይችላል። ላብ ውስጥ የምታመሺው ግን እንደ ሙሉ ተቀጣሪ ነው። (ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።)

የኔን ስህተት አትድገሚ። ለ60 ያህል ፕሮፌሰሮች አንድ ዓይነት ኢሜይል ላክሁ። «በስራዎ እጅግ ተደንቄ...» ምናምን። መልስ የሰጠኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የተደነቅኩበት ስራ የሱ እንዳልሆነ ሊነግረኝ! ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ብቻ መጻፍ ጀመርኩ። የቡድኑን የቅርብ ጊዜ ጽሑፍ አነባለሁ፣ ያልገባኝን አንድ ግራፍ አነሳና እጠይቃለሁ፣ ስለራሴ አራት መስመር እጨምራለሁ። በስምንተኛው ኢሜይል ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ።

ላብ አለመንካትሽን እንደ ነውር አትደብቂው። አገር ቤት ብዙዎቻችን ወደ ስሌት የምንሄደው የላብ መሳሪያው ስለሌለ ነው። ላፕቶፕ አለ፣ ኳንተም ኤስፕሬሶ የሚባለው የስሌት ፕሮግራም ደግሞ በነጻ ይገኛል። እኔን ስለ ቫክዩም ፓምፕ አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ የተለመደው የዲኤፍቲ ስሌት (የቁስን ኤሌክትሮኖች ባህሪ የምናሰላበት ዘዴ) የሲሊከንን ባንድ ጋፕ (ኤሌክትሮኑ ተላቆ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ የሚያስፈልገውን ጉልበት) ለምን በላብ ከሚለካው 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት በጣም አሳንሶ እንደሚያወጣ ነው። እዚህ ላይ ካልተንተባተብሽ፣ ፕሮግራም ጭኖ ቁጥር ከማውጣት ያለፈ ነገር እንደገባሽ ያያሉ። እጅ ስራውን እዚያው ያስተምሩሻል። እኔ ክሊንሩም (አየሩ ከአቧራ የተጣራ የላብ ክፍል) የገባሁ ቀን ቢጫ መብራቱን አይቼ አምፖሉ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ለካ ፎቶሬዚስት የሚሉት ኬሚካል ሰማያዊና አልትራቫዮሌት ብርሃን ካገኘው ስለሚበላሽ ነው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ናሙና ሳበላሽ ነው የከረምኩት፤ ማንም አልተቆጣኝም።

መሠረቴ ሳስቷል ካልሽ ደግሞ ጣሊያን፣ ትሪየስት ሞክሪ። ፓኪስታናዊው አብዱስ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1964 የመሠረተው ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል በታዳጊ አገሮች ላሉ ተማሪዎች የአንድ ዓመት የዲፕሎማ ትምህርት አለው። ወጪሽን ይሸፍናል። ላንቺ የሚሆነው የኮንደንስድ ማተር (የጠጣርና የፈሳሽ ቁሶች ፊዚክስ) ክፍሉ ነው። ኳንተም ኤስፕሬሶ ራሱ ሥሩ እዚያው ከተማ ነው፣ ስለዚህ የምትሰሪበትን ፕሮግራም ከሚጽፉት ሰዎች ጋር ቡና ትጠጫለሽ።

ቦታ ካገኘሽ፣ ከመፈረምሽ በፊት ከቡድኑ ተማሪዎች አንዱን ለብቻ አናግሪ። «ፕሮፌሰሩን በወር ስንቴ ታገኙታላችሁ?» በይው። ዝም ካለ ገብቶሻል።

ትራንስክሪፕትሽን ግን ነገ ዛሬ ሳትዪ አሁኑኑ ጠይቂ። የኔ ሁለት ወር ፈጅቶ አንድ ቀነ ገደብ በልቶብኛል።