ጉርድ ፎቶ ለናቃችሁ

ሰሞኑን ካሜራ የገዛ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ጉርድ ፎቶ ማንሳት አሁንም ሥራ ይባላል? ሰርግ ብቻ ብይዝስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስቄ አለፍኩት። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

በፊልም ዘመን፣ ተቀጣሪ ሳለሁ፣ ጥቁር የለበሱ እናት ስቱዲዮ ገቡ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈተው የቀበሌ መታወቂያና አንዲት የታጠፈች ደረሰኝ አወጡ። ልጃቸው ሞቷል። ለድንኳኑ ትልቅ ፎቶ ፈልገዋል። ደረሰኟ ላይ የነጋቲቩ፣ ፎቶው የሚታተምበት ፊልም፣ ቁጥር አለ። ለካ እኛው ጋ ነው የተነሳው!

ጓዳ ገብቼ የስቱዲዮውን ባለቤት ጠየቅኩ። ወደ ጠባብ ቤት ስንዛወር የድሮዎቹን ነጋቲቮች በጆንያ አስጥሏቸዋል። «ጉርድ ፎቶ ሊያሳጥብ ማን ይመለሳል ብለህ ነው?» አለኝ። ያ ጆንያ ዛሬም ይከነክነኛል።

የቀረን መታወቂያው ነው። ማህተሙ የልጁን ጉንጭ አቋርጦ ከንፈሩ ጥግ ደርሷል። ፎቶሾፕ የሚባል ነገር የለም። ደግነቱ ፎቶው ጥቁርና ነጭ፣ የማህተሙ ቀለም ሐምራዊ ነበር። አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ሌንሱ ላይ ሰማያዊ ፊልተር፣ ባለቀለም መስታወት፣ ገጥሞ መታወቂያውን በጥቁርና ነጭ ፊልም መልሶ አነሳው። ፊልተር የራሱን ዓይነት ቀለም ያፈዛል። ማህተሙ ሳሳ። የቀረውን በቀጭን ብሩሽ ነጥብ በነጥብ ሸፈንነው። እናትየው ፎቶውን ትክ ብለው አዩት። «እዚህ ጋ ስርጉድ ነበረው» አሉ፣ ጣታቸውን ጉንጩ ላይ አድርገው። ስርጉዱ ከማህተሙ ጋር ሄዷል። ነጋቲቩ ላይ ግን ይኖር ነበር።

እኛ 36 ፎቶ በምታነሳ ጥቅል ፊልም ሙሽራዋን፣ ሚዜዎቹንና መልሱን እናብቃቃ ነበር። እናንተ በሺህ ታነሱና ዲስኩ ሲሞላ «ይሰረዝ» ትላላችሁ። እባካችሁ፣ የደንበኛን ፋይል ሁለት ቦታ አስቀምጡ።

ሰርግ ተዉ አላልኩም። የቤት ኪራዬን የከፈለልኝ እሱ ነው፣ አልዋሽም። የሀበሻ ልብስ ስታነሱ ግን ካሜራውን አትመኑት። ነጩን ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያጨልማል፤ የሙሽራዋ ፊት ይጠቁራል። ኤክስፖዠሩን፣ ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን፣ ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ የጥበቡ ክር እስኪጠፋ ግን አይደለም። ፊቷን በኋላ በስልክ ማንጣት የሚሉት የዘመኑ በሽታ አለ፤ የገዛ እናቷ እስክትጠራጠር ድረስ!

ጉርዱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ለዲቪ ካሬ ፎቶ ነው፤ ቢያንስ 600 በ600 ፒክስል፣ መነጽር የሌለበት፣ ጀርባው ነጣ ያለ። ከአገጭ እስከ አናት ያለው ከፎቶው ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ መሆን አለበት። ሰውየውን ከግድግዳው ራቅ አድርጉት፤ ጥላው ከጆሮው ኋላ እንዳይለጠፍ። ፋይሉንም በስሙና በቀኑ ሰይሙት። «አይኤምጂ 4471» ብላችሁ የምታስቀምጡትን ሰው ቤተሰቡ ሲመጣ በምን ትፈልጉታላችሁ?