ጣሪያ ላይ የወጣችው ጽጌረዳ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ቤቴ ድሬ ከዚራ ነው፣ ግቢዬ ጠባብ ናት። የዛሬ ሁለት አመት ከሐረር ያመጣኋት ቀይ ተንጠላጣይ ጽጌረዳ ግድግዳውን ይዛ ጣሪያ ደርሳለች፣ ግን አበባ የምትሰጠኝ ጫፏ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም በከሰአት ፀሀይ ጠርዙ ይጠቁራል። ከስር ልቁረጣት?

መልስ፦ ኧረ አትቁረጫት እህቴ! ጥፋቱ ቀጥ ብላ መውጣቷ ነው፣ ቅርንጫፍ ሽቅብ ሲያድግ ጫፉ ላይ ያለው ቡቃያ የታችኞቹን ያፍናቸዋል፣ ወደ ጎን ስታጋድሚው ግን በየአንጓው አዲስ ቀንበጥ ያወጣና አበባው እዛ ላይ ይደረደራል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ አግድም ሽቦ ወጥሪ፣ ከግድግዳው 10 ሳንቲሜትር ያህል ራቅ ይበል አየር እንዲገባ፣ ከዛ ለጋዎቹን ቀስ እያልሽ አጎንብሰሽ በአሮጌ ጨርቅ ላላ አርገሽ እሰሪ። ያረጁትን አትታገያቸው፣ ቀጭ ነው የሚሉት። የደረቀውን ብቻ ቁረጪ።

የጠርዙ መጥቆር የሙቀት ነው። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 አካባቢ፣ ያንቺዋ ደገኛ ቆላ ወርዳ ነው እኮ! ቀይ አበባ ደግሞ ሙቀት ይስባል። ከሰአት ላይ በሻሽም በሸራም አጥዪላት፣ ውሃ በጠዋት ከስሯ ጠለቅ አርገሽ አጠጪ፣ ስሯን በደረቅ ሳር ሸፍኚ። ቅጠሉ ስር ቀጭን ድር ካየሽ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው፣ በጠዋት ከስር ወደ ላይ ውሃ እርጪበት።

ጎረቤት ቡገንቢሊያ ይሻላል ካለሽ ዝም በይው፣ ልክ ቢሆንም።