ምኑ ነው የረጋው? ለጀማሪ ጠበቆች የተጻፈ ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት ችሎት ደጃፍ ተራዬን ስጠብቅ አንድ ወጣት ጠበቃ አጠገቤ ተቀመጠ። ካባው ገና አዲስ ነው፤ የእጥፋቱ መስመር እንኳ አልጠፋም። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ጋሼ፣ እርስዎ በእኔ ዕድሜ ሳሉ ዓላማዎ ምን ነበር?» አለኝ። አፌን ስከፍት መዝገቤ ተጠራ። ስወጣ ሄዷል።

ይህ ደብዳቤ ለእሱ ነው፤ እንደ እሱ ላላችሁም። ልጆቼ ልላችሁ አሰብኩና ተውኩት። ነገ ተቃራኒ ወገን ሆናችሁ ትመጡብኛላችሁ። ባልደረቦቼ ልበላችሁ።

ያኔ ያሰብኩትን ጽፌው ስለነበር አልረሳሁትም። በ1986 ዓ.ም. ከስድስት ኪሎ ስመረቅ 24 ዓመቴ ነበር። በዚያው ሰሞን በአንድ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ አምስት ነገር ጻፍኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ። ውጭ አገር ሄዶ ሁለተኛ ዲግሪ መያዝ። ቮልስ መግዛት። አገሬን ዞሮ ማየት። አንድም ክስ አለመረታት።

የመጨረሻዋ ሦስት ወር አልቆየችም። ቮልሷን ገዝቻታለሁ፤ ከክላክሷ በቀር ሁሉ ነገሯ ይጮህ ነበር። ወሬ ያለው በቀሩት ሦስቱ ላይ ነው።

ከንባቡ ልጀምር። ሕግ የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው፤ እናንተም እንደዚያው። ችሎቱ የሚሠራው ግን በአማርኛ ነው፣ ወይም በክልሉ ቋንቋ። ያን ሁሉ ዓመት ስማር ይህን ቁም ነገር ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያ ክርክሬ ላይ ተነሥቼ «ክሱ በሕግ ከተወሰነው የጊዜ ገደብ በኋላ የቀረበ በመሆኑ፣ ማለትም ጊዜው…» እያልኩ ስንተባተብ፣ ዳኛዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «ይርጋ ማለትዎ ነው?» አሉኝ። አዎ፣ ይርጋ። ቃሉን አጥቼው አይደለም፤ በሚያስፈልገኝ ሰዓት አፌ ላይ አልነበረም። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ባለጉዳይ ሲስቅ ሰማሁት።

ያን ማታ ሌላ ደብተር ጀመርኩ። በግራ የእንግሊዝኛውን፣ በቀኝ የአማርኛውን። የማስረዳት ሸክም፣ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ ያላግባብ መበልጸግ፣ ከውል ውጭ ኃላፊነት። ይርጋ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። መርጋት ከሚለው ነው የመጣው። ወተት እንደሚረጋው፣ ነገሩ ይርጋ፣ ከዚህ በኋላ አይናጥ እንደ ማለት። እንዴት ያለ ቃል ነው አልኩ። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለዚህ ሕጉን በአማርኛው አንብቡ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ የጻፉትም በፈረንሳይኛ ነው። ከዚያ ወደ አማርኛም ወደ እንግሊዝኛም ተተረጎመ። ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ ነገር አይሉም። ሲለያዩ ገዢው አማርኛው ነው። በእንግሊዝኛው ብቻ ተማምኖ የገባ ጠበቃ ምን እንደሚደርስበት አይቻለሁ። ደርሶብኛልም።

ሕጉ 3367 ቁጥሮች አሉት። አያስደንግጣችሁ፤ በቀን አሥር ብታነቡ ዓመት አይሞላም። እኔ አራት ዓመት ፈጀብኝ። የሥራ ብዛት ነው እላለሁ፤ ባለቤቴ የካርታ ጨዋታ ነው ትላለች።

ስታነቡ ግን ሰው አስገቡበት። ሰው የሌለበት አንቀጽ ለፈተና ይበቃ ይሆናል፤ ከዚያ ይተንናል። ቁጥር 881ን ውሰዱ፤ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ። ተናዛዡ ራሱ ይጽፈዋል ወይም እየተናገረ ያስጽፈዋል። በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። መነበቡና ቀኑ ጽሑፉ ላይ ካልተገለጸ ኑዛዜው ፈራሽ ነው። ተማሪ ሳለሁ ይህን በቃሌ ወጥቼ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ።

ከዓመታት በኋላ አንዲት ወይዘሮ የአክስታቸውን ኑዛዜ በፕላስቲክ ጠቅልለው ቢሮዬ መጡ። ጽሑፉ ንጹሕ ነው። ቀን አለው። የአራቱም ምስክሮች ፊርማ አለ፣ የአክስትየዋም አለ። አንድ ጊዜ አነበብኩት። ደገምኩት። «ተነቦ» የሚል ቃል የለም። ምስክሮቹን አስጠርቼ ጠየቅሁ፤ ሁሉም ጮክ ተብሎ ተነቧል አሉ። አንደኛው እንዲያውም ያነበበው ራሱ ነው። ወረቀቱ ግን አይናገርም። ተከራከርን፣ ተረታን፣ ይግባኝ አልን፣ እዚያም ተረታን። ስድስት ዓመት አክስታቸውን ያስታመሙ ሴት፣ የጻፈው ሰው በዘነጋት አንዲት ሐረግ ቤቱን ለቀቁ። ቁጥር 881 ሲነሣ ዛሬ የሚታየኝ ያ ፕላስቲክ ነው። እናንተ ባለጉዳይ እስኪጎዳ አትጠብቁ። አንቀጹን አንብባችሁ ስትጨርሱ «ይህች መስመር ብትጎድል ማን ነው ከቤቱ የሚወጣው?» በሉ።

የሰበር ውሳኔዎችንም እንዲሁ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ፣ በአዋጅ ቁጥር 454 ተጀምሮ፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ከ5 ባላነሱ ዳኞች የሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለውን ፍርድ ቤት ሁሉ ያስገድዳል። እናንተ ደግሞ ስልካችሁ ላይ ፈልጋችሁ የመዝገብ ቁጥሩን ብቻ ትቀዳላችሁ። አይቻችኋለሁ። አንድ ዘዴ ልስጣችሁ። ከላይ ጀምራችሁ አንብቡና «እኛም መርምረናል» የሚለው ጋ ስትደርሱ አቁሙ። የቀረውን በወረቀት ሸፍኑት። በግማሽ ገጽ ራሳችሁ ፍረዱ። ከዚያ ግለጡት። ከተለያያችሁ የትኛው መስመር ላይ እንደተለያያችሁ ምልክት አድርጉ። መሳሳታችሁ ካልታያችሁም የጻፋችሁትን አትጣሉት፤ ሰበርም አቋሙን የለወጠበት ጊዜ አለ። በሳምንት ሁለት ውሳኔ ይበቃል። በቀን አሥር የሚያነብ ልጅ አውቃለሁ፤ አንዱንም አያስታውስ።

ሁለተኛ ዲግሪውን በተመለከተ አጭር ነኝ። ስምንት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ኔዘርላንድስ የመማር ዕድል አገኘሁ። ዘግይቼ በመሄዴ አልተቆጨሁም። ከትምህርት ቤት ቀጥታ የመጡት ልጆች ከእኔ የተሻለ ያነቡ ነበር፤ እኔ ግን በየምዕራፉ የማውቀው ባለጉዳይ ነበረኝ። ዕድሉ ነገ ቢመጣላችሁ ሂዱ፣ ማን ይከለክላችኋል። ካልመጣ ግን ሕይወት ቆመ ብላችሁ አትቀመጡ።

ከዚያ አገር የማልረሳው አንድ ቅዳሜ ነው። በባቡር ሄግ ሄድኩ። ያካፋል። እ.ኤ.አ. በ1913 ከተከፈተው የሰላም ቤተ መንግሥት፣ ባለ ሰዓቱ ግንብ፣ አጥር ውጭ ቆምኩ። ሰው ፎቶ ይነሣል። እኔ የማስበው ስለ አንድ መዝገብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን የከሰሱት እዚህ፣ በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ነው፤ ዛሬ ናሚቢያ በምንላት አገር ላይ በምታደርሰው በደል። ስድስት ዓመት ገደማ ተሟገቱ። እ.ኤ.አ. በ1966 ዳኞቹ 7 ለ 7 እኩል ተከፈሉ፤ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት በወሳኝ ድምፃቸው ሚዛኑን ደፉት። ከሳሾቹ ሕጋዊ ጥቅም እንዳላቸው አላሳዩም ተባለ። በእኛ ችሎት ቋንቋ «መብትና ጥቅም የላችሁም» እንደ ማለት ነው። ፍሬ ነገሩ ሳይታይ ተዘጋ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1971፣ ያው ፍርድ ቤት በሰጠው የምክር አስተያየት ደቡብ አፍሪካ እዚያ መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው አለ። ናሚቢያ እ.ኤ.አ. በ1990 ነጻ ወጣች።

ዝናቡ ልብሴን አልፎ እስኪገባ ቆምኩ። ያን የተረታ መዝገብ ያዘጋጁት ጠበቆች እ.ኤ.አ. በ1966 ክረምት ሻንጣቸውን ሲያስሩ ምን ብለው ይሆን እያልኩ።

አገሬን ያሳየኝ ግን እንጀራዬ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ የአንድ ድርጅት ነገረ ፈጅነት ነበር። ቅርንጫፍ ባለበት ሁሉ ክስ አለ። ንጋት 11 ሰዓት መርካቶ አውቶቡስ ተራ፣ የመዝገብ ካርቶኔን ጣሪያ ላይ እንዳይጭንብኝ ከረዳቱ ጋር ጭቅጭቅ። ሐረር የጁገልን ግንብ የዞርኩት ምስክር ቀርቶብኝ ቀጠሮ ሲለወጥ ነው። የኮንሶን እርከኖች ያየሁት ከአርባ ምንጭ ባዶ ከሚሄድ ፒክአፕ ኋላ ተሳፍሬ ነው። ዩኔስኮ የመዘገባቸው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ሳያቸው ቲኬት የሚቆርጥ አልነበረም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ተራራው እስከሚያልቅ። «ወሰን» የሚለውን ቃል እስከዚያ ቀን ድረስ በወረቀት ላይ ብቻ ነበር የማውቀው።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን የጎጃሙን ነው። ሐምሌ 1988 ዓ.ም.። አዲሱ የዓባይ ድልድይ ገና አልተሠራም፤ ከጎሐ ጽዮን ወርደን ደጀን እስክንወጣ ግማሽ ቀን የሄደ መሰለኝ። ድርጅቱ እዚያ አንድ መጋዘን ነበረው። ከመጋዘኑ የሚወጣው ጎርፍ ማሳዬን አጠበው ብለው አንድ ሽማግሌ ከሰውናል። ከውል ውጭ ኃላፊነት ነው፤ ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፣ ቁጥር 2143። ክሳቸው የሚጠቅሰው የ1985ቱን ክረምት ብቻ ነበር። የቀረበው በ1988 ዓ.ም. ነው። በመሀል ያለውን ጊዜ የድርጅቱን ቢሮ ደጅ ሲጠኑ ነው የጨረሱት፤ ያውም በቃል። ክሱን የጻፈላቸው ሰው የየክረምቱን ጉዳት ለይቶ አላነሣም። ያችን ቀዳዳ አየኋት። መቃወሚያ አቀረብኩ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም፣ መዝገቡ ተዘጋ። ይርጋ የምትለውን ቃልም ሳልንተባተብ ነው ያልኳት።

ውጭ ደረጃው ላይ ሽማግሌው ጠበቁኝ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ዱላቸውን ተደግፈዋል። የተቆጡ አይመስሉም።

«ልጄ፣ ያ ዳኛው ይርጋ ያሉት ምንድን ነው?»

«አባቴ፣ ጊዜው አልፏል ማለት ነው። ነገሩ ረግቷል፣ ከዚህ በኋላ አይነሣም።»

«ምኑ ነው የረጋው?» አሉ። «ውሃው ትናንት ማታም መጥቷል።»

የምመልሰው አጣሁ። አውቶቡሴ በማግስቱ ነው። «ያሳዩኝ» አልኳቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል በጭቃ ተከተልኳቸው፤ የችሎት ጫማዬ እዚያው ቀረ ማለት ይቻላል። መጋዘኑን ከጀርባው ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በመከላከያ መልሴ ላይ «የመሬቱ ተፈጥሯዊ አቀማመጥ» ብዬ የጻፍኩት ነገር፣ አንድ ክንድ የማትሰፋ፣ በዶማ የተቆፈረች ቦይ ነበረች። ቀጥ ብላ ማሳቸው ውስጥ ትገባለች። ግራና ቀኝ በቆሎው ወገብ ደርሷል፤ መሀሉን ጎርፍ ቆርጦ ሰርጥ አድርጎታል። ሽማግሌው ሰርጡ ውስጥ ወረዱና በዱላቸው ለኩልኝ። ካቻምና እስከዚህ፣ አምና እስከዚህ፣ ዘንድሮ እስከዚህ። ያችን ዱላ አንድም ክስ ላይ አላየኋትም። የእሳቸው ክስ ላይም የለችም።

አዲስ አበባ ስመለስ ለሥራ አስኪያጁ ማስታወሻ ጻፍኩ። ቦዩ ካልዞረ በየክረምቱ አዲስ ጉዳት አለ፣ አዲስ ክስ ይመጣል አልኩ። «አሸንፈህ የለም እንዴ?» አሉኝ። ደግሜ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። በሦስተኛው ላይ ሕጉን ተውኩና ሂሳብ ጻፍኩ። የእኔ የሦስት ጉዞ ውሎ አበልና የትራንስፖርት ወጪ ቦዩን ለማዞር ከሚከፈለው የቀን ሠራተኛ ይበልጣል። በሳምንቱ ተፈረመ። ሰሚው በሚቆጥረው መቁጠር የሚባለውን ነገር የተማርኩት እዚያ ነው፤ ትምህርት ቤት አላስተማረኝም።

ከዚያ ወዲህ ቦታውን ሳላይ መልስ አልጽፍም። ባለጉዳዬ «ጋሼ፣ ምን ያደክምዎታል፣ ፎቶ አለ» ይለኛል። እሄዳለሁ። እናንተም ጉልበት ሳላችሁ ሂዱ። የታክሲ ብር ከሌላችሁ ከባለጉዳዩ ጋር በእግር ሂዱ፤ መንገድ ላይ የሚነግራችሁን ቢሮ ውስጥ አይነግራችሁም።

በ1990 ዓ.ም. ወደ ባሕር ዳር ስሄድ አውቶቡሱ በዚያ በኩል አለፈ። በመስኮት ብዙ ፈለግሁ፤ መጀመሪያ ቦታው ጠፍቶብኝ ነበር። ቦይዋ ወደ መንገዱ ዳር ዞራለች። ሰርጡ ውስጥ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል።