የሚመስለው ባዳ፣ የማይመስለው ዘመድ

ጥያቄ፦ «ፊሽ» (ዓሣ) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ለላቲኑ «ፒስኪስ» የሥጋ ዘመዱ ነው፤ «ፔፐር» (ቁንዶ በርበሬ) ግን ከላቲኑ «ፒፐር» ጋር ቁርጥ አንድ ሆኖ ሳለ ውሰት ነው ሲባል አነበብሁ። የሚመሳሰሉት ባዳ፣ የማይመሳሰሉት ዘመድ የሚሆኑት በምን ስሌት ነው?

መልስ፦ ያነበቡት ትክክል ነው። እንግሊዝኛና ላቲን የተወለዱት ከአንድ ኢንዶ-አውሮፓዊ ቋንቋ ነው፤ እናትየው በጽሑፍ አልቆየችልንም። እንግሊዝኛ ባለበት የጀርመናዊ ቋንቋዎች ወገን ግን ድምፆች በሥርዓት ተለወጡ፦ «ፕ» ወደ «ፍ»፣ «ክ» ወደ «ህ»፣ «ድ» ወደ «ት»፣ «ግ» ወደ «ክ»። ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ያኮብ ግሪም በ1822 እ.ኤ.አ. አደራጅቶ ስላቀረበው የግሪም ሕግ ይባላል። ፊሽ በዚህ ለውጥ ውስጥ አልፏል። ፔፐር የገባው ለውጡ ካበቃ በኋላ ስለሆነ «ፕ» እንዳለ ቀረ። «ፒር» (የፍራፍሬው ስም) እና «ፒ» (አተር) የሚሉትም እንዲሁ የላቲን ውሰት ናቸው።

እጅግ የሚያስደንቀው አንዱ ሥር በሁለት በር ሲገባ ነው። «ኮርን» ከጥንት የተወረሰ ነው፤ «ግሬን» ከላቲኑ «ግራኑም» በፈረንሳይኛ በኩል መጣ፤ ሁለቱም እህል ናቸው። የላቲኑ «ፖርኩስ» (አሳማ) በፈረንሳይኛ አልፎ «ፖርክ» ሲሆን፣ የቤቱ ወራሽ ግን የአሳማን መውለድ የሚገልጸው «ፋሮው» ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ፌአርህ» ግልገል አሳማ ነበር፤ «ፕ» «ፍ» ሆኖ፣ «ክ» ደግሞ «ህ» ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ራስዎ ሲፈትሹ በመጀመሪያ ተነባቢዎቹን ያስተያዩ። ከዚያ ዘመዱን በትርጉም አቻው ብቻ አይፈልጉ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ «ሚልክ» (ወተት) ከላቲኑ ወተት «ላክ» ጋር አይዛመድም፤ ዘመዱ ማለብ የሚለው «ሙልጌሬ» ነው፤ «ግ» «ክ» ሆኗል። «ኢት» (መብላት) ግን ከላቲኑ «ኤዴሬ» ጋር በድምፅም በትርጉምም ይገጥማል።

ሕጉ የማይሠራበት ቦታም አለ። ከ«ስ» ቀጥሎ የመጣ «ፕ» አይለወጥም፤ «ስፒው» (መትፋት) ከላቲኑ «ስፑዌሬ» ጋር «ፕ»ን ይዞ የቀረ እውነተኛ ዘመድ ነው። እንደ «ዋይን» (ወይን) ያለው ቃል ደግሞ ከላቲኑ «ዊኑም» የተወሰደ ቢሆንም፣ ሕጉ የሚነካው ድምፅ ስለሌለው በተነባቢ ብቻ አይለይም፤ የቃሉን የጽሑፍ ታሪክ ማየት ያስፈልጋል።