መቶ ድርሃሙ ላይ ያለው ሕንፃ

እህቴ፣ «የኤምሬትሱ መቶ ድርሃም ላይ ያለው ረጅም ሕንፃ ቡርጅ ኸሊፋ ነው እንዴ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይደለም። የዱባይ ወርልድ ትሬድ ሴንተር ነው፤ ሼክ ራሺድ ታወርም ይሉታል። ሳትዋ ሰፈር ቤድ ስፔስ (በጋራ ክፍል የሚከራይ አልጋ) ይዤ እዚያው አካባቢ ቢሮ ሳጸዳ ስለነበር የማውቀውን ልንገርሽ።

መቶ ድርሃም ካለሽ አውጪና እዪው። ፕላስቲኩን አይደለም፣ የወረቀቱን። በአንዱ ፊት አል ፋሂዲ ምሽግ አለ፣ ሲገለበጥ ሕንፃችን። ፊቱ የማር እንጀራ ይመስላል አይደል? ለጌጥ ብቻ እንዳይመስልሽ። መስኮቶቹ ከነጩ ኮንክሪት ወደ ውስጥ ገባ ያሉ ናቸው፤ ኮንክሪቱ ጥላ ይጥልባቸዋል። የሠራው ጆን ሃሪስ የሚባል እንግሊዛዊ አርክቴክት ነው። በ1960 የዱባይን ማስተር ፕላን ያወጣው እሱ ስለሆነ ፀሐይዋን ያውቃታል። እኔ የማጸዳው ግን ዙሪያውን መስታወት የሆነ አዲስ ሕንፃ ነበር። ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ቆሜ ስወለውል ኤሲው እየሠራ ላቤ ጠብ ይል ነበር። ያን ጊዜ አሻግሬ የማር እንጀራውን አይና እቀናለሁ።

የተመረቀው በ1979 ነው፣ በፈረንጅ። 39 ፎቅ፣ 149 ሜትር። ዛሬ ምንም አይደለም፤ ያኔ ግን ዙሪያው አሸዋ ነበር። ከተማ ማለት ክሪኩ (ከባሕር ወደ ከተማው የገባው ውሃ) ዳርና ዳር ያሉት ዴራና ቡር ዱባይ ነበሩ። ብዙ ሰው «እዚያ ድረስ ማን ይሄዳል?» ብሎ ነበር።

የዚያን ጊዜው የዱባይ ገዥ ሼክ ራሺድ ግን የሚያስበው ወደቡን ነው። ዱባይ በ1966 ነዳጅ ብታገኝም እንደ አቡዳቢ የተትረፈረፈ አልነበረም። ክሪኩን ከነዳጁ በፊት አስጠርጎ ነበር፤ ከዚያ በ1972 ራሺድ ወደብ ተከፈተ፣ ቀጥሎ ጀበል ዓሊ ወደብ። ካርታ ላይ እዪው፤ ሕንፃው የቆመው ከክሪኩ ወደ ጀበል ዓሊ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1979 ስትመጣ ሕንፃውንም ጀበል ዓሊንም በአንድ ጉብኝት መረቀች። ወደቡ ዕቃ ያመጣል፣ ዕቃ ያለው ነጋዴ ቢሮና ኤግዚቢሽን ይፈልጋል። ሒሳቡ ይኸው ነው። በ1999 ቡርጅ አል አረብ እስኪመጣ ድረስ በዱባይ የሚበልጠው አልተገኘም።

አሁን ረጃጅሞቹ ከበውት ከሩቅ አይታይም። እኔ ግን ውለታ አለብኝ። በገባሁ ሰሞን የሠራተኛ መኪና አምልጦኝ፣ ስልኬ ሞቶ፣ ሳትዋ በየት እንደሆነ ጠፋኝ። አንድ ሽማግሌ ፓኪስታናዊ ባለታክሲ ቁልቁል ጠቆመኝና «ትሬድ ሴንተር፣ ትሬድ ሴንተር» አለኝ። የማር እንጀራውን እያየሁ በእግሬ ገባሁ። ታክሲውማ፣ ኪሴ ውስጥ የነበረው አምስት ድርሃም ነው።