«ጠቅ ካለ ምን ችግር አለው?»

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች የተነጋገሩ ይመስል ሪሌ (በትንሽ ከረንት ትልቅ ከረንት የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ላይ ተሰብስበዋል። አራቱን መርጬ እመልሳለሁ።

«ጋሼ፣ ባለ 5 ቮልቱን ሰማያዊ ሪሌ አርዱይኖ ኡኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) ፒን ላይ በቀጥታ ሰካሁት። ጠቅ ብሎ ይሠራል። ታዲያ ትራንዚስተር ጨምሩ የምትሉን ለምንድን ነው?»

መሥራቱን አልክድህም። ግን ሜትርህን ኦም ላይ አድርገህ የኮይሉን (ሪሌው ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅልል) ሁለት እግሮች ለካ፤ 70 አካባቢ ታገኛለህ። 5 ቮልት ለ70 ሲካፈል 71 ሚሊአምፔር ይመጣል። የኡኖው ቺፕ፣ አትሜጋ 328ፒ፣ በአንድ ፒን ያለ ስጋት የሚያወጣው 20 ሚሊአምፔር ነው፤ 40 ደግሞ ከቶ መታለፍ የሌለበት ጣሪያ። አንተ ከጣሪያውም በላይ እየጠየቅኸው ነው። ፒኑ ሲጨነቅ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሪሌው በግማሽ ጉልበት ይይዛል፣ ቺፑም ቀስ በቀስ ይጎዳል። ዛሬ ጠቅ ያለው አንድ ቀን ዝም ሲል ኮድህን ስትመረምር ታመሻለህ።

ስለዚህ ፒኑ ትእዛዝ ይስጥ፣ ሸክሙን ትራንዚስተር (በቤዙ በሚገባ ትንሽ ከረንት ከኮሌክተር ወደ ኤሚተር ትልቁን የሚያሳልፍ ባለ ሦስት እግር ዕቃ) ይሸከም። ቱኤን 2222 ይበቃል። ኤሚተሩን ግራውንድ ላይ፣ ኮሌክተሩን ከኮይሉ አንድ እግር ጋር፣ የኮይሉን ሌላ እግር 5 ቮልት ላይ። በፒኑና በቤዙ መካከል 560 ኦም ሬዚስተር አስገባ፤ ወደ ቤዙ 7 ሚሊአምፔር ተኩል ያህል ይገባል፣ ኮይሉ ከሚወስደው አንድ አሥረኛ ገደማ ማለት ነው። ብዙ ሰው 1 ኪሎ ኦም ያደርግና አብዛኛውን ጊዜ ይሠራለታል። እኔ ግን ትራንዚስተሩ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈት እንጂ እንዲያመነታ አልፈልግም። ከቤዙ ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም ብትጨምርበት ደግሞ ቺፑ እስኪነሳ ድረስ ሪሌው በራሱ አይንጫጫም።

ዳዮዱን (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን) እንዳትረሳ። ኮይል ከረንቱ በድንገት ሲቋረጥበት ዝም ብሎ አይቀበልም፤ ያከማቸውን ኃይል የሚለቅበት መውጫ ይፈልጋል። መውጫ ካጣ ቮልቴጁ ከመቶ በላይ ሊዘል ይችላል፤ ትራንዚስተሩ የሚሞተው ያኔ ነው። ዋንኤን 4007 ዳዮድ ከኮይሉ ጎን ለጎን ግጠም፣ ነጩ ቀለበት ወደ ፕላሱ። ከገለበጥኸው ሪሌው በተነሳ ቁጥር ከረንቱ በዳዮዱ አቋርጦ ትራንዚስተሩን ያጋየዋል። (ጀማሪ ሳለሁ ሁለት ትራንዚስተር የፈጀሁት በዚሁ ቀለበት ነው።)

«ባለ ስምንት ሪሌ ቦርድ ገዛሁ። ፒኑን ሃይ (5 ቮልት) ሳደርገው ይጠፋል፣ ሎው (0 ቮልት) ሳደርገው ይበራል። አርዱይኖውም አንዳንዴ በራሱ እንደገና ይነሳል። ቦርዱ ተበላሽቶ ይሆን?»

አልተበላሸም እህቴ። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ቦርዶች በሎው እንዲበሩ የተሠሩ ናቸው። በኮድሽ ሴትአፕ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ዲጂታልራይት ሃይ፣ ቀጥሎ ፒንሞድ አውትፑት ብለሽ ጻፊ፤ ሲነሳ ብልጭ ማለቱ ይቀራል።

በራሱ መነሳቱ የኃይል ጉዳይ ይመስለኛል። ስምንቱ አንድ ላይ ሲይዙ 570 ሚሊአምፔር ገደማ ይጠይቃሉ፤ ኡኖን የሚመግበው ዩኤስቢ ደግሞ 500 ላይ ይቆማል። ጄዲ-ቪሲሲ የሚለውን ጁምፐር (ሁለት ፒኖችን የሚያገናኘውን ትንሽ ክዳን) አውጪና ለሪሌዎቹ የራሳቸውን የ5 ቮልት አዳፕተር ስጪ። ቪሲሲው ብቻ ከአርዱይኖው 5 ቮልት ይምጣ። የአዳፕተሩን ግራውንድ ከአርዱይኖው ግራውንድ ጋር አታገናኚ፤ ቦርዱ ላይ ያሉት ኦፕቶከፕለሮች (ምልክትን በብርሃን የሚያሻግሩት) የተቀመጡት ሁለቱ እንዳይነካኩ ነው።

«ውሃ በፈረቃ ሌሊት ስለሚመጣ ሮቶ የሚሞላ ፓምፕ በአርዱይኖ አስገጠምኩ። ፓምፑ 1 ፈረስ ጉልበት ነው፣ ሪሌው 10 አምፔር ይላል። ከሁለት ወር በኋላ ፓምፑ አልጠፋ ብሎ ግቢው በውሃ ተሞላ።»

የሪሌዎ ኮንታክት (ሲገጣጠም ከረንቱን የሚያሳልፈው ብረት) ተበይዷል። 10 አምፔር የተባለው እንደ ማሞቂያ ላለ ሸክም ነው። የእርስዎ ፓምፕ ሲሽከረከር 5 አምፔር አካባቢ ቢወስድም ሲነሳ ግን ለአፍታ አምስት ስድስት እጥፍ ይጎትታል። በየሌሊቱ ብልጭታው ኮንታክቱን ሲያቀልጠው ቆይቶ በመጨረሻ አጣበቀው።

ትንሿ ሪሌ የኮንታክተር (ለትልቅ ሸክም የተሠራ ሪሌ) ኮይል ብቻ ታንሳ፣ ፓምፑን ኮንታክተሩ ያንሳው። በባለ 220 ቮልቱ ኮይል ላይ ግን ቅድም ያልነውን ዳዮድ እንዳያስገቡ፤ ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ከረንት) ስለሆነ በግማሹ ዙር ሾርት ይሆናል። በእሱ ፈንታ 100 ኦም ሬዚስተርና ኤክስ 2 የሚል ምልክት ያለው 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ተያይዘው ከኮይሉ ጎን ለጎን ይግጠሙ። ከዚህ ሌላ ሮቶው አፍ ላይ ተራ ተንሳፋፊ ማብሪያ ይሰቀልና የኮንታክተሩን ኮይል መስመር ራሱ ይቁረጥ፤ ኮዱም ሪሌውም ቢያብዱ ውሃው ይቆማል። ሥራውን ግን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን፣ ብሬከሩን አጥፍቶ ይሥራልዎ።

«በዚያው ሰማያዊ ሪሌ የእንጀራ ምጣድ ማብራትስ ይቻላል?»

አይቻልም። ባለ 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ሪሌው ቢችል እንኳ ቦርዱ ላይ ያሉት ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች አይችሉም።