በባቡር ስንጓዝ የት እንደር? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ነዋሪነቴ ኮምቦልቻ ነው። በመኪና መለዋወጫ ንግድ ምክንያት ከሃያ ዓመት በላይ ወደ ድሬዳዋ፣ ኋላም ወደ ቻይናዋ ጓንዡ ተመላልሻለሁ፤ ሐዲድ ባለበት አገር ሁሉ አውቶቡሱን ትቼ ባቡር እመርጣለሁ። ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ስለ ማረፊያ ስለጠየቃችሁኝ የማውቀውን እዚሁ ልመልስላችሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ፦ ቲኬታችሁ ላይ የተጻፈውን የጣቢያ ስም ሙሉውን ሳታነቡ አልጋ አትያዙ።

ከሐይቅ፦ ጋሼ፣ በሚቀጥለው ወር ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በባቡር እሄዳለሁ። ማረፊያዬን ጣቢያው አጠገብ ላድርገው ወይስ መሀል ከተማ?

መልስ፦ መሀል ከተማ ያድርጉት። ምክንያቱን በሰፊው ልንገርዎ፤ ይህን የተረዳ ሰው በሌላ ከተማም አይቸገርምና።

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ከባድ ሆኖ ስለተገኘ ከተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ እዚያ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች። ስለዚህ የድሮው ጣቢያ ያለው ከተማው ውስጥ፣ ከዚራ ነው። እኔ በወጣትነቴ በሸመንደፈሩ ስሄድ ከፉርጎው ወርጄ፣ ሻንጣዬን ተሸክሜ፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር ትንሽ እንደተራመድሁ አልጋ አገኝ ነበር። አዲሱ ባቡር ግን ሌላ ነው። ከምንም በላይ የወደብ ጭነት እንዲያመላልስ የተሠራ መስመር በመሆኑ፣ ረጃጅምና ከባድ ባቡሮች እንደ ልብ እንዲያልፉበት ሰፋ ያለ ኩርባ ይፈልጋል፤ በከተማ ውስጥ ይለፍ ቢባል ደግሞ ስንት ቤት መፍረስ፣ ስንት ካሳ መከፈል ነበረበት። በዚህ ምክንያት አዳማም፣ ቢሾፍቱም፣ ድሬዳዋም ጣቢያው የቆመው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። የአዲስ አበባውም ለገሃር መሆኑ ቀርቶ ከከተማዋ ጫፍ፣ ፉሪ ለቡ ሆኗል።

እኔ ራሴ በዚህ ተጎድቻለሁ። አንድ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ «ለባቡር ጣቢያ ቅርብ» የሚል ማስታወቂያ ያለው ማረፊያ ያዝሁ። አባባሉ ሐሰት አልነበረም፤ ቅርበቱ ግን ለድሮው ጣቢያ ነበር። ጠዋት ተረጋግቼ ቁርሴን በልቼ ስወጣ ባቡሩ የሚነሣው ከከተማ ውጭ መሆኑን ሰማሁ፤ ባጃጅ ይዤ ብሮጥም በሩ ተዘግቶ ደረስሁ። ቀኑን ሙሉ ዕቃዬን ይዤ ተንገላትቻለሁና ይህ በማንም እንዲደርስ አልፈልግም።

ከከሚሴ፦ ከዚራ ይሻላል ወይስ መጋላ?

መልስ፦ ለሥራ የሚሄድ ሰው ሥራው ወዳለበት ይጠጋ። ቀፊራ ገበያ የሚውል መጋላ ቢያድር ይመቸዋል፤ ጸጥታ የሚፈልግና ቤተሰብ የያዘ ደግሞ ከዚራ ቀጥ ባሉት ጎዳናዎች፣ በዛፎቹ መካከል ይረፍ። ሁለቱን ሰፈሮች የሚለያቸው የደቻቱ ወንዝ ነው፤ ደቻቱ በበጋ አሸዋ ብቻ ሆኖ ሲታይ የዋህ ይመስላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል። በክረምት የምትሄዱ ሁሉ በወንዙ ዳር፣ በምድር ቤት ያለ ክፍል አትያዙ።

ሌላው የእኛ የደጋዎቹ ችግር ሙቀቱ ነው። ደሴ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ ግን ከዚያ ግማሽ ያህሉን ነው የምትደርሰው። አልጋ ሲያሳዩአችሁ ፍራሹን ተጭናችሁ ብቻ አትመለሱ። ከሰዓት በኋላ ከሆነ እጃችሁን ዘርግታችሁ በምዕራብ በኩል ያለውን ግድግዳ ዳብሱት። ፀሐይ ሲያነደው የዋለ ግድግዳ በመዳፍ ሲነካ እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ ያንን ሙቀት እስከ እኩለ ሌሊት ወደ ክፍሉ ሲመልሰው ያድራል። ቬንትሌተሩን አስነሥታችሁ መዞሩን እዩ፤ ቀጥሎም መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚያበራው አምፖሉን ብቻ ነው ወይስ ቬንትሌተሩንም ያንቀሳቅሳል ብላችሁ ጠይቁ። ቧንቧውንም ክፈቱት። ውኃ በታንከር የሚያጠራቅምና የማያጠራቅም ቤት ልዩነቱ ሌሊት ነው የሚታወቀው።

ከወልዲያ፦ ጥሩ ሆቴል ይጠቁሙን።

መልስ፦ የየትኛው ከተማ? በምን ባቡር ለሚመጣ፣ ስንት ሰዓት ለሚገባ፣ ስንት ሌሊት ለሚያድር ሰው? እነዚህን ሳይገልጹልኝ የቤት ስም ብጠራልዎ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ከመርሳ፦ አዲስ አበባ ላይ ከባቡሩ በፊት የት ብናድር ይሻላል? ከመርሳ ስንነሣ ማታ ነው የምንገባው።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ የሁላችንም የወሎ ተጓዦች ጥያቄ ነው። ብዙዎቻችን ከአውቶቡስ የምንወርደው ላምበረት መናኸሪያ ነው፤ ላምበረት በከተማዋ ምሥራቅ፣ ፉሪ ለቡ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ጫፍ ነው። ድካም ስለተሰማን ብቻ መናኸሪያው አጠገብ ባገኘነው ፔንሲዮን ጥቅልል ብንል፣ በማግሥቱ ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ሥራ በሚወጣበት ሰዓት ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ይኖርብናል። የከተማው ቀላል ባቡር ያደርሰኛል ብላችሁም አትመኩ፤ አንዱ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ወደ ቃሊቲ የሚወስድ ነው እንጂ ለቡ አይደርስም። ስለዚህ የሚሻለው በዚያው ምሽት፣ መንገዱ ጋብ ካለ በኋላ ለለቡ ቅርብ ወደሆኑት ወደ ጀሞ ወይም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተሻግሮ ማደር ነው። የማታው የአንድ ሰዓት ድካም ከጠዋቱ ጭንቀት በብዙ ይቀላል።

ከኩታበር፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው ወሎዬ አለ እንዴ? ዘመድ እያለ ፔንሲዮን ማደር እኛ ዘንድ ነውር ነው። እናቴ ብትሰማ ታዝንብኛለች።

ከቦሩ ሜዳ፦ ወንድሜ፣ ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ዘመድ ቤት ማደር ለባቡር ተጓዥ አይሆንም። እኔ አክስቴ ቤት ኮተቤ አደርሁና ጠዋት ቡና ሳትጠጣ አትሄድም ተባልሁ። አቦል ጠጥቼ ልነሣ ስል ቶና ቀረበ፤ በረካው ሳይደርስ ብወጣም ባቡሩ አመለጠኝ።

ከኩታበር፦ ባቡሩ ያመለጠዎ በሰዓቱ ባለመነሣትዎ እንጂ በአክስትዎ አይደለም። በረካውን ትተው የወጡት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው።

ከሐርቡ፦ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። ሲመለሱ ዘመድ ቤት፣ ሲሄዱ ጣቢያው አቅራቢያ ማደር ነው።

መልስ፦ የሐርቡ ወንድማችን ያሉትን እቀበላለሁ፤ ዘመድ የሚጠየቀው ጊዜ ሲኖር ነው። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ከባቲ፦ ጓንዡ በፈጣን ባቡር ለሚገባ ሰው ማረፊያው የት ቢሆን ይመክራሉ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ቲኬታችሁን አንብቡ የምለው ነገር ሁለት እጥፍ ነው። «ጓንዡ» የሚባል አንድ ጣቢያ የለም፤ ጓንዡ ጣቢያ አለ፣ ጓንዡ ምሥራቅ አለ፣ ጓንዡ ደቡብ አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ባይዩን የሚባለው ተጨምሯል። የፈጣን ባቡሩ ዋና ጣቢያ የሆነው ጓንዡ ደቡብ ከመሀል ከተማው ሩቅ ነው፤ ጣቢያው አጠገብ ያለውን ሆቴል አይቶ የያዘ ነጋዴ ቀኑን በመንገድ ይጨርሳል። አፍሪካውያን የሚበዙበትና የእኛም ሰው የሚታይበት ሻዎቤይና ሳንዩዋንሊ የሚባሉት ሰፈሮች ናቸው። ከጓንዡ ደቡብ በምድር ውስጥ ባቡር በሁለተኛው መስመር ብትሳፈሩ ሳትቀይሩ ሳንዩዋንሊ ትደርሳላችሁ፤ ሻዎቤይ ለመሄድ ግን ጓንዡ ጣቢያ ላይ ወርዳችሁ አምስተኛውን መስመር ያዙ፤ አንድ ፌርማታ ብቻ ነው። ማረፊያችሁን ከእነዚህ ፌርማታዎች በእግር በሚደረስ ርቀት አድርጉት።

ከላይ የተነሣው የዘመድ ነገር በቻይና ከሕግ ጋር ይገናኛል። የውጭ ዜጋ በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ያደረበት ቤት በፖሊስ መመዝገብ አለበት። ሆቴል ብታድሩ ምዝገባውን ሆቴሉ ይፈጽምላችኋል፤ ወዳጅ ቤት ካደራችሁ ግን ራሳችሁ ወይም የቤቱ ባለቤት ፖሊስ ዘንድ ማስመዝገብ ይጠበቅባችኋል። ብዙ ልጆቻችን ይህን ባለማወቅ ተቀጥተዋል።

ከደሴ፦ ኢስታንቡልስ?

መልስ፦ ከአንካራ የሚመጣው ፈጣን ባቡር አብዛኛውን ጊዜ የሚያወርደው በእስያ በኩል፣ ሶውትሉቼሽሜ ነው። ላሌሊ ገበያ የሚነግድ ሰው ከዚያ ማርማራይ በሚባለው ባቡር ባሕሩን በሥሩ አቋርጦ የኒካፒ ይውረድና እዚያው አካባቢ ይደር። ቲኬቱን ያንብቡ፤ አንዳንዱ ባቡር በአውሮፓ በኩል እስካለው ሐልካሊ ይቀጥላል።

ከከሚሴ፦ ለዑምራ ስንሄድ ከመዲና መካ በባቡር እንመጣለን። ለጣቢያው ነው ወይስ ለሐረሙ መቅረብ የሚሻለው?

መልስ፦ በዚህ መስመር አልተጓዝሁም። የሄደ ሰው ይመልስ።

ከባቲ፦ እኔ ሄጃለሁ። ባቡሩ መካ የሚያቆመው ሩሰይፋ ነው፤ ከሐረሙ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ሻንጣ ይዞ፣ በዚያ ሙቀት በእግር የሚኬድ አይደለም። ለሐረሙ ቅርብ የሆነ ቤት ያዙና ከጣቢያው በታክሲ ወይም በአውቶቡስ ግቡ፤ በቀን አምስት ጊዜ የምትመላለሱት ወደ ሐረሙ ነው፤ ጣቢያውን የምታዩት ስትመጡና ስትሄዱ ብቻ ነው። ጂዳ የምታርፉ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ አንዱ ጣቢያ ሱለይማኒያ፣ ሌላው አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ነው።

መልስ፦ አላህ ይቀበልልዎ። ያሉት ሁሉ ከምለው ጋር አንድ ነው።

ከሐራ፦ በእኛ አገርስ? ከአዋሽ በኮምቦልቻ ሐራ ገበያ ድረስ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሐዲድ ሥራ ተጀምሮልናል። የመንገደኛ ባቡር ሲጀምር እንግዳ የት ያድራል፣ ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ?

ከደሴ፦ ደሴ ነዋ። ሙዚየሙ ያለው፣ ብርዱም ደስ የሚለው ደሴ ነው። እንግዳ ኮምቦልቻ ወርዶ ፋብሪካ አይቶ አይመለስም።

ከኮምቦልቻ፦ ሐዲዱ የሚያልፈው በእኛ ነው። ከሌሊት ባቡር የወረደ ሰው በጨለማ ሐረጎ ዳገትን ውጣ ይባላል? ጉም ሲወርድ እኮ አስፋልቱ አይታይም።

ከደሴ፦ ሐረጎን ስንት ዘመን ወጥተነዋል፤ እንግዳ አይገድለውም።

ከሐራ፦ ጥያቄውን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ሐራንም አትርሱ።

መልስ፦ እኔ ኮምቦልቻ የምኖር ሰው ነኝና አድልዎ እንዳይመስልብኝ ተጠንቅቄ እናገራለሁ። አምሽቶ የሚገባና ማልዶ የሚሳፈር ሰው ኮምቦልቻ ይደር፤ ሁለትና ሦስት ቀን የሚቆይ እንግዳ ደሴ ይውጣ፤ ወደ ላሊበላ የሚያልፍ ደግሞ እስከ ሐራ ተጉዞ ወልዲያ ይደር። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ጣቢያ ሠርቶ ከጣቢያው ወደ ከተማ የሚወስደውን መንገድ የዘነጋ ከተማ እንግዳውን ከፉርጎው በር ላይ ያጣዋል። የመጀመሪያው የመንገደኛ ባቡር ሳይመጣ የባጃጅ ማኅበራቱ ተራቸው፣ የታሪፉ ሰሌዳና የሌሊቱ መብራት ይታሰብበት። ሐዲዱን በዓይናችን እያየን ስንት ዓመት ጠብቀናል፤ ባቡሩ በመጣ ቀን እንግዳችን በጨለማ ቆሞ መሄጃ እንዲያጣ አልፈልግም።

ከላሊበላ፦ ድሬዳዋ ጣቢያው አጠገብ ማደር ይሻላል ወይስ መሀል ከተማ?

መልስ፦ ከላይ ለሐይቁ ጠያቂ የመለስሁትን ያንብቡ። የመጀመሪያው ጥያቄ እርሱ ነበር።

ከወልዲያ፦ ዋጋው ስንት ነው? በስልክ መተግበሪያ መያዝስ ይቻላል?

መልስ፦ ዋጋ ዛሬ የነገርኋችሁ ነገ ይለወጣል፤ ለቤቱ ደውላችሁ ጠይቁ። ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ከየትኛው ጣቢያ ስንት ደቂቃ እንደሚርቅ የጣቢያውን ስም ጠርታችሁ ጠይቁ። «ቅርብ ነው» የሚል መልስ አትቀበሉ።

ከመርሳ፦ ጋሼ፣ ከላይ የጠየቅሁዎ እኔ ነኝ። አንድ ነገር አስጨንቆኝ ነው። ከአራት ዓመት ልጄ ጋር ብቻዬን ነኝ፤ ላምበረት የምንደርሰው ምናልባት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፎ ይሆናል። በዚያ ሰዓት ጀሞ መሻገሩን ፈራሁ።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ፍርሃትሽ ተገቢ ነው፤ ምክሬንም ለአንቺ እለውጣለሁ። ከተቻለሽ አንድ ቀን ቀድመሽ ተነሺ። ያን ምሽት ላምበረት አካባቢ፣ በዋናው መንገድ ላይ፣ ዘበኛ ባለውና አስቀድመሽ ደውለሽ በያዝሽው ቤት እደሪ፤ በማግሥቱ ረፋዱ ላይ፣ የሥራ ሰዓት ግርግር ካለፈ በኋላ ተረጋግተሽ ወደ ለቡ ተሻገሪና ሁለተኛውን ሌሊት እዚያ እደሪ። የመነሻውን ቀንና ሰዓት ከመንደርሽ ሳትወጪ ደውለሽ አረጋግጪ፤ ባቡሩ በየቀኑ ላይኖር ይችላል። ለቡ ስትደርሺ ክፍሉን ከማየትሽ በፊት የእንግዳ መቀበያውን ሰው ጠዋት ወደ ጣቢያው የሚወስድሽ ታክሲ ይጥራልሽ እንደሆነ ጠይቂው፤ እሺ ካለሽ የሾፌሩን ስልክ ማታውኑ ተቀበዪና ራስሽ ደውለሽ ሰዓቱን ቅጠሪ። ለልጁ ውኃና ቆሎ ከዚያው ይዘሽ ውጪ፤ በረሃው ከአዋሽ በኋላ ይጠናል።